ከመዝሙሩ ሥር

ካዛንቺስ፣ ሰኔ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ሊካሳ፣ ሰላምታዬ ካርቱም ድረስ መጥቶ በጤና ያግኝህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የእህትህን የሲፋንን ሙት ዓመት አሰብን። የምረቃዋን ቪዲዮ ለዘመድ ላሳይ ብዬ፣ ጭፈራው ለሐዘን አይሆንም አልኩና ኦሎምፒያ ያለው ቪዲዮ ቀራጭ ሙክታር መዝሙር እንዲያስገባበት ካሴቱን ሰጠሁት። በዕለቱ ስንከፍተው የሲፋን አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን መዝሙሩ ብቻ ነው። ድምፅዋን በገዛ እጄ ያጠፋሁት መስሎኝ ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ።

ትናንት ካሴቱን ይዤ ሄጄ ብነግረው ሳቀ።

«እማማ ሸዋዬ፣ መዝሙሩን እኮ በሌላ መስመር ነው ያስገባሁት። የሷ ድምፅ ከሥሩ አለ!»

ካሴቱን ካሜራው ውስጥ ከትቶ አጫወተው፤ አንድ ነገር ነካ አደረገና መዝሙሩ ጠፋ።

«እማዬ፣ ኧረ ሳቂ! ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አለች ሲፋን።

እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳቅሁላት።

ስልክህ ከፋሲካ ወዲህ አይሠራም፤ ኔትወርኩ ይሆናል። ያው ካርቱም ነህ አይደል? እስቲ አንተም ድምፅህን በካሴት ቀርጸህ በሰው ላክልኝ። የፈለግከውን አውራ። ብቻ ዘፈን አታስገባበት።

ደጅ ደጁን እያየች የምትጠብቅህ እናትህ
ሸዋዬ