ለምስጦቻችን ስላደረጋችሁት እንክብካቤ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ጣሪያ ኮንክሪት መሆኑን ስለማውቅ ስለ እሱ አልጠይቅም። እኔና አልጋ ላይ የዋለችው እናቴ ግን ከመጋዘንዎ ጋር ግድግዳ በምንጋራበት ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ጣሪያውን ቀና ብለን እያየን እስከ ዛሬ አለን። በልብስ ስፌት የምተዳደር ሴት ስለሆንኩ ረጅም ደብዳቤ መጻፍ አልለመድኩም፤ ቢሆንም ጽሕፈት ቤትዎ ለምስጥ ያደረገውን ውለታ ሕዝብ ሳያውቀው ቢቀር ደግ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ ምስጥ ከአፈር የሚመጣና ርጥበት የሚወድ ፍጥረት መሆኑን የተማርኩት ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ የሚያፈሰው ቧንቧ እንዲጠገን ስንለምን፣ ቧንቧው የውሃ ክፍል፣ መሬቱ የማዘጋጃ ቤት፣ ግድግዳው ደግሞ የእናንተ ነው ተባልን። ውሃው የማን እንደሆነ ሳይወሰን መሠረታችንን አራሰና ምስጦቹን ከነዘመድ አዝማዳቸው ጠራልን። እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ መጋዘኑ ውስጥ ግድግዳችንን ተደግፈው የተከመሩት አሮጌ በሮችና መስኮቶች፣ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሳይቆጥራቸው እንደማይነሱ በትሕትና ተነግሮኛል። ምስጥ እንጨቱን ከውስጥ በልቶ ላዩን ለወግ ያህል ስለሚተወው፣ ሲያዩት በር ነው፣ በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ የሚቆጥረው ነገር ካገኘ እኔ ልቀጣ።

ሦስተኛ፣ ምስጦቹ ውስጥ ለውስጥ የሚሄዱበትን፣ ግድግዳው ላይ የወጣውን የጭቃ መስመር ፍቄ ብጥለው በማግስቱ ተመልሶ ተሠርቶ አገኘሁት፤ ይህም ምስጦቹ ገና ሥራ ላይ ለመሆናቸው ምልክት ነው። የጽሕፈት ቤትዎ እንግዶች ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ ግን ሠራተኞችዎ መስመሩን እንዳለ ትተው ሰማያዊ ቀለም ቀቡበት። ብርሃን ለሚሸሽ ፍጥረት ከዚህ የተሻለ መጋረጃ ማን ይሰጠዋል? እንግዶቹም ቀለሙን አድንቀው ሄዱ።

አራተኛውን የምጽፈው በአክብሮት እንዳይመስልዎ፣ በንዴት ነው። ከእናቴ አልጋ በላይ ያለው የጣሪያ እንጨት፣ ወራጁ፣ ሲጎብጥ ባለሙያዎችዎ ያልደረቀ ግንድ አምጥተው፣ የወለሉን አፈር ቆፍረው ተከሉና ወራጁን አስደገፉት። እንጨቱ አፈር እንዳይነካ ከሥሩ ሲሚንቶ ይደረግ፣ በመሠረቱም ዙሪያ ተቆፍሮ መድኃኒት ይፍሰስ ብዬ ለመንኩ። መቆፈር የቤቱን ይዞታ መለወጥ ስለሆነ ክልክል ነው አሉኝ፣ ዶማቸውን እንደያዙ። ምስጦቹ እስከዚያ ቀን በግድግዳው ዞረው ነበር ወደ ጣሪያ የሚወጡት፤ አሁን አቋራጭ ተሠራላቸው።

የእናቴ ዓይን ደክሟል እንጂ ጆሮዋ ደኅና ነው። ድጋፉ ውስጥ ሆነው ሲበሉ ትሰማቸዋለች፤ ደረቅ ቅጠል ሲታሽ ይመስላል ትላለች። ዛሬስ በርትተዋል፣ ካንቺ ይሻላሉ እያለች ትቀልድብኛለች። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኛል፤ እፈራለሁ። ወደ እህቴ ቤት እንዳልወስዳት፣ ይህ ቤት የተመዘገበው በእናቴ ስም ነው፤ ስሙ የተመዘገበ ሰው ከወጣ ቤቱ እንደተለቀቀ ተቆጥሮ ለሌላ ይሰጣል የሚል መመሪያ አላችሁ። አልጋዋን እንዳላዛውር ደግሞ፣ የስፌት መኪናዬን ደጅ አውጥቼ እንኳ ከዚያ ወራጅ ሥር የሚያስወጣት ቦታ አላገኘሁም።

ከእንግዲህ ቧንቧውንም መድኃኒቱንም አልጠይቅዎትም፤ ደጅ መጥናትም ተስፋ ማድረግም አድክሞኛል። ይልቅ ለትዕግሥትዎ፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት እያለች ለምትመልሰኝ ጸሐፊዎ፣ እንዲሁም ለማይሰለቸው ዝምታዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት ይቀበሉልኝ።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለማዕረግዎ ዕድገትን እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎት፣

ከመጋዘንዎ ግድግዳ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ተከራይዎ

ማሳሰቢያ፦ የጥገና ክፍል ኃላፊዎ፣ ጥገና የሚደረገው ለወደቀ ቤት ብቻ ስለሆነ ጣሪያው በወደቀ ዕለት እንዳመለክት መክረውኛል። ያን ዕለት እናቴን ከፍርስራሽ ስፈልግ ለመጻፍ ጊዜ ስለማይኖረኝ፣ ማመልከቻውን ከወዲሁ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቀኑን ብቻ ባዶ ትቼዋለሁና እርስዎ ይሙሉልኝ።