የደበቅኩት ጫማህ

አባዬ፣ የኔ ሆደ ባሻ፣

ከሄድክ አስራ አንድ ወር ሆነህ። ልጽፍልህ ስቀመጥ ይሄ አራተኛዬ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ተነስቼ የታጠበ ሰሃን አጥቤያለሁ። እማዬ ምን ያቅበዘብዝሻል፣ እስቲ አንድ ቦታ እረፊ ትለኛለች። እንዴት ልረፍ?

ቤቱ ደህና ነው። ስንት ዓመት የጨቀጨቅኩህ የበረንዳ ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ መደርደር ቀርቷል። እማዬ ልብስህን በሙሉ ሰደቃ አድርጋ ሰጠች። ጫማህን ግን አላገኘችውም፤ ያንን ቡናማውን፣ ከጅቡቲ ያመጣኸውን። ቤቱን ሁሉ ገለባብጣ ፈልጋ አጣችው። እኔ ጋ ነው፣ አባዬ። የደበቅኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻው ሳምንትህ ሦስት ጊዜ፣ ጫማዬን አምጪልኝ፣ ሁሩታ፣ ሰይድ ጋ ልሂድ አልከኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙ ሲነሳ ፊትህን የምታዞርበትን ወንድምህን! አያቴ ስትሞት አንተ መኪናህን ይዘህ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበርክ፤ አጎቴ ሳይጠብቅህ ቀበራት። ጀናዛ አይቆይም፣ ምን ያድርግ? አንተ ግን መቼም ግትር ነህ፣ አፈር እንኳን ሳላለብሳት ብለህ ከቤቱ እንደወጣህ ቀረህ።

አስራ ሁለት ዓመት እዚሁ አዳማ ነርስ ሆኜ ስሠራ ያወቅኩት ነገር ቢኖር፣ ሊሄድ የተቃረበ ሰው ሞትን በስሙ አይጠራም። አንዱ ጫማዬን ይላል፣ ሌላው መኪናው መጣ ወይ ይላል። አንድ ከዓለም ጤና ከተማ የመጣ ገበሬ ሽንኩርቱ መቼ እንደሚደርስ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ፣ ነገሩ የሽንኩርት እንዳልሆነ ገብቶኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ እጁን ይዤዋለሁ። ለአዲሶቹ ነርሶችም የምለው ይሄንኑ ነው። አትሽሹ፣ ተቀመጡ፣ ማንን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቁት እላለሁ። ምክር ላይ ማን ብሎኝ!

ካንተ ግን ሸሸሁ። እማዬ እንዳትነግሪው፣ ልቡ ይሰበራል ብላ አስምላኝ ነበር፤ ጉበትህ ማለቁን እያወቅን ጨጓራ ነው አልንህ። አጎቴን ከጠራነው ደግሞ ነገሩ ይገባሃል ብለን ፈራን። ስለዚህ ሲሻልህ እወስድሃለሁ አልኩህና ጫማህን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወሸቅኩት። የሰው አባት ሲሆን ብልህ ነኝ፣ የራሴ ሲሆን ደነዝኩ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ትክ ብለህ አየኸኝ፤ ከዚያ በኋላ ጫማህን አላነሳህም። መቀመጫ የነሳችኝ ያቺ አስተያየትህ ናት። ታውቅ ነበር፣ አይደል? እኔን ላለማስጨነቅ ነው ዝም ያልከው?

አንተን ስንቀብር እኛም አጎቴን አልጠበቅነውም። ስልኩ አልሠራ ብሎ፣ ማሳ ላይ ውሎ ሲደርስ አፈርህ ተመልሶ ነበር። አልተቆጣም። እጄን ያዘና፣ ስሜን አንስቶ ነበር ወይ ብቻ አለኝ። ራሱን አያውቅም ነበር ብዬ ዋሸሁት። እንዳይፈርድብኝ ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ከሞጆ አንዲት እናት መጥተው ተኙ። ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ ከበቡኝና፣ አደራ፣ ብርድ ነው በያቸው አሉኝ። እሳቸው ደግሞ ባዩኝ ቁጥር ነጠላዬን ስጪኝ፣ እህቴ ጋ ልሂድ ይላሉ። ልጆቹን ሰብስቤ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን የጫማህን ነገር ነገርኳቸው። ትልቁ፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ ብሎ ጮኸብኝ። በማግስቱ ግን አክስቱን ደግፎ ይዞ መጣ። ሁለቱ አሮጊቶች አንድ አልጋ ላይ ተደጋግፈው ሲያወሩ ዋሉ፤ ሳቁም። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፣ ቀናሁ። መድኃኒት ክፍል ገብቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ነገ ዕረፍቴ ነው። ጫማህን ቀለም ቀብቼ በፌስታል ቋጥሬዋለሁ። አጎቴ ይርገመኝ፣ በሩን ይዝጋብኝ፣ አላውቅም። ግን ሦስት ጊዜ ጠራህ፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እለዋለሁ። አፉ በለኝ ብዬ እጁን እስማለሁ፤ አንዴ ስላንተ፣ አንዴ ስለ ራሴ።

ከእንግዲህ ጫማዬን ያለኝን በሽተኛ፣ ወዴት ነው፣ ማን ጋ ነው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም። አንተን የማስታውስህ እንደዚያ ነው፣ አባዬ፤ ሌላ ማስታወሻ አላውቅም።

ጫማህ በሩ ሥር ነው። ነገ ሁሩታ እንሄዳለን።

ልጅህ ዘሀራ