ድንጋዩን የምታነሳው ተበዳይዋ ናት

ሰኞ

አልቋል አለኝ ሐኪሙ፣ የጉልበቴን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያርፈው ልስልስ አጥንት በወደቅኩ ጊዜ ተሰንጥቋል፤ ከዚያ ሲታሽና ሲጎተት ተፍቆ አለቀ። ተመልሶ አይበቅልም። እብጠቱም ቁርጥማቱም ከዚያ የመጣ ነው። "ማን ነው ያሸው?" ሲለኝ ፎቶውን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሆዴ ግን ስሙን ያውቃል። ወጌሻው አያ ደምለው፣ ጎረቤቴ። አጥንትሽ ወልቋል ብሎ በቅቤ ሲያሸኝ፣ ሲጎትተኝ፣ በቀርከሃ ሲጠፍረኝ ከረመ። ስጮህ "እየገባልሽ ነው" ይለኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር አንቱ አልለውም።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ እግሬን ሳላጥፍ መጣሁ። ከእንግዲህ የማልችለው፦ መስገድ። ቁጢጥ ማለት። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ቆሞ ማስተማር። አልምረውም።

ማክሰኞ

ልከሰው መሆኑን ሰምቶ ሽማግሌ ላከ። የንስሐ አባቴም አብረው መጡ። እታረቃለሁ፣ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው እያየ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ቤቴ በር ላይ ይንበርከክ አልኩ።

"እርጅናውን እይለት እንጂ ልጄ። ቆሞ አንገቱን ቢደፋ አይበቃሽም?" አሉኝ የንስሐ አባቴ።

አይበቃኝም አልኩ። እኔ መንበርከክ ከቀረብኝ እሱ ይንበርከክልኝ።

ረቡዕ

በሩ ላይ ጠጠር አስደፋሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ለጭቃው ነው አልኩ። ለጭቃው አይደለም።

ሐሙስ

ሐኪሙ ያዘዘውን እንቅስቃሴ ጀመርኩ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ ማድረግ፣ ትንሽ ማቆየት፣ ማውረድ። ጭኑ ሲጠነክር የጉልበቱን ሸክም ያቀልለታል ብሏል። ሲያመኝ ደምለውን እያሰብኩ ቀጠልኩ። ንዴት ለካ ይጠቅማል። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሰው ሳልደገፍ ወጣሁ!

ስመለስ አንዲት ሴት እያነከሰች ወደ ደምለው ቤት ስትገባ አገኘኋት። ጤና ጣቢያ ሂጂ ብላት እጃቸው መድኃኒት ነው አለችኝ። አሁንም እያሸ ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ

የምናገረውን ተለማመድኩ። መጀመሪያ ረጅም ዝምታ። ጠጠሩ ሥራውን እስኪሠራ።

እሑድ

መጣ። ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ አጥር አጥሩን እየያዘ። መንደሩ ሁሉ ወጥቷል። እጁን መሬት ላይ ተክሎ ቀስ ብሎ ተንበረከከ፤ ፊቱ ሲጨማደድ አየሁ። ግንባሩን እስከ ጠጠሩ ደፍቶ "በድዬሻለሁ እታለም፣ ማሪኝ" አለ።

ዝም አልኩ። ላቡ እስኪንጠባጠብ ዝም አልኩ። ደስ ብሎኛል፣ እዚህ ላይ ምን ያስዋሸኛል።

ኋላ ነው ያስተዋልኩት። በደንባችን ድንጋዩን ከጫንቃው የምታነሳው ተበዳይዋ ናት፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ቁጢጥ ልል ብሞክር ጉልበቴ ቀጥ ብሎ ቀረ። እሱ ካልተንበረከከ ብዬ ድርቅ ስል ይህን አላሰብኩም። ሽማግሌዎቹ ያዩኛል፣ እኔ ድንጋዩን አያለሁ። በመጨረሻ ሕዝብ እያየኝ ጠጠሩ ላይ በቂጤ ዘጭ አልኩ፣ እግሬን እንደ ሕፃን ዘርግቼ። አንድ ሰው ሳቀ። ድንጋዩን እንደያዝኩ "ሁለተኛ የሰው ጉልበት እንዳይነኩ" አልኩት። "አልነካም፣ ማርያምን" አለ። አነሳሁለት።

ሁለታችንንም ሰው ደግፎ አነሳን። የእሱ ጉልበት ሲንቋቋ ሰማሁ።

ሰው ሲበተን ደምለው ወደ ኋላ ቀረት አለ። ስንት ዓመት ሙሉ የራሱን ጉልበት ማታ ማታ እያሸ ነው የኖረው፤ አልተሻለውም፤ ራሱ ነገረኝ። "ያ ፍኖተ ሰላም ያለው ሐኪምሽ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የእኔንስ ያይልኝ ይሆን?"

ረቡዕ ቀጠሮ አለኝ። ይዤው ልሄድ እችላለሁ። አስብበታለሁ አልኩት። እንደምወስደው ግን እስከ ማክሰኞ ማታ አልነግረውም።