ሥር የሌላቸው ጥዶች

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፦

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? ያ ቁርጥማት ተወህ ወይስ አብሮህ ሊያረጅ ነው? ልጆቹስ፣ አመለ ሸጋዋ ሚስትህስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ሰውነቴን ማለቴ ነው፤ ሆዴማ አሯል።

እዚህ በአትክልተኛነት የምሠራበት ሆስፒታል አዲስ አስተዳዳሪ መጥተውልን ነበር። ሠራተኛው «አቶ ቶሎ» ይላቸዋል፤ ከአፋቸው ሌላ ቃል አይወጣማ። በመጡ በሳምንታቸው ዋናው በር ግራና ቀኝ አርባ የጥድ ችግኝ አስተከሉኝ። በሁለተኛው ዓመት ችግኞቹ ከእሳቸው ጉልበት እንኳ አለመድረሳቸውን አይተው፣ «ምን እያጠጣሻቸው ነው?» ብለው አፈጠጡብኝ። ጥድ መጀመሪያ የሚያድገው ወደ ታች ነው፣ ሥሩን ሳይዝ ሽቅብ አይቸኩልም፣ ሰው ካልነካው ደግሞ የልጅ ልጆቻችንን ቀብሮ ገና መቶ ዓመታት ይቆማል አልኳቸው። «እኔ ለመቶ ዓመት አልተቀጠርኩም» ብለው ሳቁብኝ። በዕድሜያቸው የተናገሯት እውነት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ኋላ የበላይ ኃላፊዎች ለጉብኝት ሊመጡ ነው ተባለ። ሰውዬው ለካ «ጫካ አልምቻለሁ» ብለው ሪፖርት ልከው ኖሯል! ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከላቦራቶሪው ጀርባ ዘጠኝ ጥዶች ነበሩ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌ አትክልተኛ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተከሏቸው ናቸው፤ አስታማሚው ሁሉ ከፀሐይ የሚሸሸው እነሱ ሥር ነው። እነዚያን አስቆረጡና፣ ችግኞቼን አስነቅለው፣ የተቆረጡትን የትልልቆቹን ጥዶች ጫፍ ጫፍ በር ላይ እንደ ድንኳን ምሰሶ አስቸከሉ። ከዚያ አጠጪ አሉኝ። ለሬሳ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው፣ ጋሼ። ግን አጠጣሁ። እንጀራዬ ነውና አጠጣሁ፤ ያን ቀን ንቀቴ ለራሴም ተረፈ።

በጉብኝቱ ዕለት አቶ ቶሎ በከረባት ታንቀው «በሁለት ዓመት እዚህ አደረስነው» እያሉ ሲያስጎበኙ፣ ከእንግዶቹ አንዷ፣ ደልደል ያሉ ሴትዮ፣ ጫማቸው ውስጥ የገባ ጠጠር ሊያራግፉ አንዱን ጥድ ደገፍ አሉት። ጥዱ ሴትዮዋን ይዞ ዘጭ! አለቃዬ ወደ እኔ ዞረው «ምን ዓይነት አተካከል ነው የተከልሽው?» አይሉኝም መሰለህ! ሴትዮዋን ደግፌ እያነሳሁ፣ «ጌታዬ፣ ሥሩ ላቦራቶሪው ጀርባ ቀርቷል» አልኳቸው። ሴትዮዋ አቧራቸውን እያራገፉ «ውሰጂኝና አሳዪኝ» አሉ። ወስጄ ጉቶዎቹን አሳየኋቸው።

ሰውዬው በወሩ ተነሱ። ወዴት? ወደሚበልጥ ወንበር ነዋ! ከመሄዳቸው በፊት ለእኔ «እንግዳ ፊት ያለ ቦታዋ በመናገሯ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፈውልኛል። ያን ለመሰለ ሰው ቁጣ እንኳ ይበዛበታል።

ሽማግሌው አትክልተኛ ወሬውን ሰምተው መጡ። ጉቶዎቹን አንድ በአንድ ዳበሷቸውና፣ «ይሄ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ አትጠብቂው» አሉኝ። ከተነቀሉት ችግኞች አፈር ያልለቀቁ አሥራ አንድ አግኝተን አብረን እዚያው ተከልን። አስታማሚው ግን እስከዚያ ፀሐይ ላይ ነው። ይህንን ይቅር የምል አይምሰልህ።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ሚስትህን እጅ ነስታለች በልልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን፣ አለቃ ካልሆንኩ የሚለውን፣ መጀመሪያ አንድ ጥድ ተክሎ ከቁመቱ እስኪበልጥ ይጠብቅ፣ ከዚያ ይሾም ብላለች በለው።

እህትህ
ከአትክልተኞች መሣሪያ ክፍል፣ ሰኔ 14 ቀን