ለአዲሱ አልቃሽ

ለክቡር የቺፑድ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከታደሰው ቢሮዎ በወጡ ቁጥር መሐረብ ከፊትዎ እንደማይለይ ስለሰማሁ፣ ከልቤ አስቤልዎት ነው። እኔ በፋብሪካዎ ኮላ ስቀላቅል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ለሐሳቡ ግን አልለምንም።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስላወጡልን ስም አመሰግናለሁ። በኮላው ውስጥ ያለው ፎርማሊን ዓይናችንን እየለበለበ እንባችንን ሲያወርደው፣ እርስዎ እንግዶች እያስጎበኙ በበራችን አልፈው «ይኼ ደግሞ የአልቃሾች ክፍላችን ነው» አሏቸው። እንግዶቹ ሳቁ፣ ስሙም ጸደቀልን፤ ሟቹ ማን እንደሆነ ብቻ አልተነገረንም።

፪ኛ፦ ስለ አየር መሳቢያችን አመሰግናለሁ። ይጠገናል ተብሎ ከክፍላችን ወረደ፤ እውነትም ተጠግኖ በእንግዶችዎ መመገቢያ ተሰቀለ። እንግዳ በሽንኩርት ሽታ ሲያለቅስ ማየት ነውር ነውና አልተቀየምንም።

፫ኛ፦ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ጉሮሮዬ ተዘግቶ አቤት ልል ብመጣ «እማማ፣ ሽታ ሰው አይገድልም፤ ይለመዳል» አሉኝ። እነሆ ለመድኩት፤ ዛሬ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ እንደ ተቀደደ ወናፍ ነው። ፊደል ከለየሁ በኋላ ደግሞ ምሳችንን እንዘረጋበት የነበረውን የፎርማሊን በርሜል ባየው «እንፋሎቱን ወደ ውስጥ አይሳቡ» ይላል። ለካ ገበታችን ሲመክረን ኖሯል።

አሁን በእኔ ቦታ የቆመችው ልጄ ናት። ሕፃኗን አቅፋ ስማ ሳትጨርስ ሳሉ ይነጥቃታል። ይህንን የማመሰግንበት ቃል አጥቼ ቁጥር አልሰጠሁትም።

ደግነቱ አምላክ አይተኛም። ቢሮዎን በቺፑድ ሲያስለብጡ፣ የፈረቃው አለቃ ሰሌዳው ገና ከመጭመቂያው መውጣቱ ነው፣ የኮላው ሽታ እስኪወጣለት መጋዘን ቆይቶ ይናፈስ ብሎ ለምኖዎት ነበር። እርስዎ ግን ያንኑ ምክርዎን ደግመውለት ግድግዳውንም ኮርኒሱንም በትኩሱ አስለበጡት፤ መስኮቱንም አሳሸጉት። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ከሳሏ ብዛት መሳቅ አቃታት፤ የሁለታችንንም እኔ ሳቅሁት።

ይባስ ብለው በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ይኼ ነገር ዓይን ያጠፋል፣ መሳቢያው አሁኑኑ ቢሮዬ ይግባልኝ» ብለው ጮኹ አሉ። እግዜር ይስጥልን። እኛ ስንት ዘመን ብንጮኽ ያላገኘነውን ምስክር በአንድ ጠዋት ሆኑልን። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ሲመጣ፣ ቃልዎን የሰማው ፈረቃ በሙሉ አንዲት ፊደል ሳይቀንስ ያደርስልዎታል። እስከዚያው ሰሌዳውን ለማስነቀል አይቸኩሉ፤ ይለመዳል።

እንባዎ እንዳይነጥፍ የምትመኝልዎ፣
የቀድሞ አልቃሽዎ

ማስታወሻ፦ መሳቢያው ከመመገቢያው ወርዷል፤ ቢሮዎ ካልደረሰ በመንገድ ላይ የቀድሞ ቤቱን አስታውሶ ገብቶ ይሆናል፤ ኮላ ክፍል ከትናንት ጀምሮ ሲያጓራ ይሰማል። ማን እንደሰቀለው ልጄን ጠይቄአት ነበር፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ስለነበር ማንንም አላየችም። ሊያስወርዱት ከመጡ መሐረብዎን እንዳይረሱ።