ከባዱን መዘውር መርጫለሁ

ሰው ፊት አንቱ፣ ብቻችንን ስንሆን አንተ ለምልህ ለአባዬ፤

እንደምን ከርመሃል? ዓባይ በረሃ ወርደህ ያልተመለስክበት ቀን መጪው ግንቦት ስድስት ዓመት ይሞላዋል። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፣ መቃብርህም በሲሚንቶ ተሠርቷል፤ እኔ ግን ሐዘኔን እንደ ሰው አልቅሼ አልጨረስኩትም። ምክንያቱን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፍልህ ግን ለማልቀስ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። እማዬ ጉልበቷ ቢደክምም ኪዳን አታስታጉልም። የአናጢ ቤትህን ለሁለት ከፍለነዋል፤ በመንገዱ በኩል የእኔ የስፌት መኪና ተቀምጣለች፣ በጓሮ በኩል የወንድሜ የይበልጣል ዕቃ ተከምሯል። ስትለየን ገና ጢም ያላወጣው ልጅህ አሁን ባለትዳር ነው፤ ሚስቱ ሰባት ወሯን ይዛለች። ቡሬን ብታያት አታውቃትም። ፎቅ በፎቅ ሆናለች፣ ባጃጁ መሻገሪያ አሳጥቶናል፣ ሰውም ሁሉ ሞባይሉን ጆሮው ላይ ለጥፎ ብቻውን እያወራ ነው የሚሄደው።

አምና ቀበሌው ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ሲያደራጅ ይበልጣልም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተመዘገበ። ከብት ማድለብ ነበር፣ ዶሮ ማርባት ነበር፣ ድንጋይ ፈልጦ መሸጥም ነበር። እሱ ዓሣ አለ። እማዬ ሦስት ቀን አላናገረችውም። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሆቴሎች በጾም ወቅት ዓሣ ይሻማሉ፤ የንስሐ አባታችን ዓሣም ቢሆን ጾም ያስገድፋል እያሉ ቢገሥጹም የሚሰማቸው የለም። መጀመሪያ በመረብ ጠረፍ ጠረፉን ሲሠራ እኔም እሰይ ብዬ ነበር። ከድልድዩ በታች፣ ጥቁሩ ቋጥኝ ሥር ወዳለው ጥልቅ ውሃ እስካልቀረበ ድረስ ምን ቸገረኝ።

ያን ውሃ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ቆላ የሚኖሩት ሰዎች በዚያ በኩል ከብት አያጠጡም፤ ውሃው አንዴ ሰው የወሰደበትን ቤት ያውቃል ይላሉ። አንተ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር።

የእንጨቱን ዓሣ የሠራህበት ሰሞን ትዝ ይልሃል? የመንገድ ሥራው ፈረንጅ የካምፑን በሮች ስለገጠምክለት አንድ የማጥመጃ ዘንግና ትልልቅ ዓሣ የሚታለልበት፣ መንጠቆ ያለው አንድ ከእንጨት የተቀረጸ ዓሣ ሰጥቶህ ሄደ። ዓሣው ስንዝር አይሞላም ነበር። አንተ ይኼ ለኛ አምባዛ መክሰስም አይሆን አልክና ከዋንዛ ስንዝር ተኩል የሚሆን ቀረጽክ፤ ሦስት ቦታ ቆርጠህ በሽቦ አያያዝከው፣ ዓይኑን በበር ቀለም ቀባኸው። ጓሮ ባለው በርሜል ውስጥ ስትጎትተው ጭራውን እያወዛወዘ ሄደ፤ እኔና አንተ እንደ ሕፃን ጮኽን። እማዬ ወጥታ አየችንና የሚጠጣ ውሃ አበላሻችሁብኝ ብላ ተቆጣች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም።

ዓሣው ግን ከባድ ነበር፣ የመዶሻ ራስ ያህላል። ለዘንጉ ደግሞ ክር የሚጠቀልል መዘውር ያስፈልገው ነበር። ባሕር ዳር ስትወርድ እኔን ይዘኸኝ ሄድክ፤ ክር የምታውቂ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ምረጪልኝ አልከኝ። ሐይቁ ዳር መረብና መንጠቆ የሚሸጥበት ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሁለት መዘውር አወጣ። አንዱ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እጀታው ረጅም፣ ሲያዞሩት ቀርፋፋ። ሌላው ነጭ፣ ቀላል፣ ድምፅ የሌለው፤ እጀታውን አንዴ ስታዞረው ክሩን ስድስት ዙር ይጠቀልላል። እኔ ስፌት በተማርኩ በዓመቴ፣ ጎበዝ ነሽ የተባልኩበት ጊዜ ነበር። ጥሩ መኪና ማለት ቀላልና ፈጣን መኪና ነው ብዬ ስለማምን ነጩን አነሳሁ። ባለሱቁ ለከባድ ነገር አይሆንም፣ ጥርሱ ቀጭን ነው እያለ አጉረመረመ፤ ያልተሸጠለትን ሊያወርድብን ነው ብዬ ናቅሁት። አንተ እኔን አይተህ ብቻ ከፈልክ።

በየሳምንቱ ከዓባይ ስትመለስ እጠይቅህ ነበር። እጅሽ ይባረክ፣ እንደ ቅቤ ነው የሚዞረው ትለኝ ነበር።

የሆነውን የነገረን አብሮህ የወረደው አያ ታረቀ ነው። ውሃው ገና ድፍርስ አልነበረም። የእንጨቱን ዓሣ ሦስቴ በእጅህ ወርውረህ፣ በአራተኛው ክሩ ተወጠረ። ክሩን እንደ ቆላ ሰዎች በግራ አንጓህ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመኸው ነበር፤ እንዳያመልጥ ብለህ። አያ ታረቀ ፍታው እያለ ሲሮጥ አንተ በሌላው እጅህ ልትፈታ እየታገልክ ነበር፤ የተወጠረ ክር ደግሞ አይፈታም። ከዚያ ቋጥኙ ላይ ጫማህ ብቻ ቀረ። በሁለተኛው ቀን አሸዋው ላይ ስናገኝህ ክሩ አንጓህ ላይ ነበር፤ ጫፉ ባዶ ነበር።

ዘንግና መዘውር እያለው ለምን በእጁ ሠራ ብለው ሰዎች ሲያወሩ እኔም ገረመኝ። አርባህ በወጣ ማግስት የመሣሪያ ሳጥንህን ስከፍት ከመላጊያው ሥር ነጩን መዘውር አገኘሁት። ከስፌቴ የተረፈ አበባ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለህ አስቀምጠኸዋል። ጥርሱ ሙልጭ ብሎ ረግፏል። መቼ እንደተሰበረ እግዜር ይወቅ፤ እኔ እንዳላዝን ብለህ ደብቀኸኝ ወደ እጅህ ተመልሰሃል። አባዬ፣ እዚያው መላጊያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጨርቁን መልሼ ጠቀለልኩት፤ ለእማዬም ለይበልጣልም አላሳየሁም። እኔ ነኝ የገደልኩህ እያልኩ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ። በጥር ውሃው ሲጎድል ይበልጣል የእንጨቱን ዓሣ ይዞ ገባ። ከቋጥኙ በታች አሸዋ ላይ አገኘሁት አለ። የአንድ ዓይኑ ቀለም እንኳ አልለቀቀም። ጀርባው ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ አራቱን ጣቶቼን ገጥሜ ባስቀምጥ ጠርዙ አይሸፈንም። እሱ አባዬ ነው የላከልኝ እያለ ሳመው። እኔ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ስድስት ክረምት ሙሉ ያልጠረገው ውሃ ዛሬ ለምን ልጅህ እግር ሥር ይጥለዋል? ውሃው በተራው ማጥመጃ የጣለብን መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ይበልጣል ሌላ ወሬ የለውም። ሚስቱ ስለምትወልደው ልጅ ስታወራ እሱ የእንጨቱን ስለነከሰው ዓሣ ያወራል። ሳምንት ሳይሞላ ባሕር ዳር ሄዶ ሁለት መዘውር በአደራ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ክር የምታውቂ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ምረጪልኝ አለኝ። ቃል በቃል ያንተን። አልመርጥም ብል ባዶ እጁን እንደሚወርድ አውቃለሁ።

መረጥኩ። ከባዱን። ወፍራም ክር እንደ ልብ የሚይዘውን፣ አካሉ ብረት የሆነውን፣ ቀስ ብሎ ግን በጉልበት የሚጎትተውን። ያ የእንጨት ዓሣ ፍጥነት አይወድም፤ በዝግታ ሲጎተት ነው ጭራው የሚወዛወዘው፣ በበርሜሉ አይተነዋል። ከሁሉ በላይ ፍሬኑን ፈተንኩት። ክሩን በሩ ላይ አስሬ ይበልጣልን ጎትት አልኩት፤ ኃይል ሲበዛበት እየተንሸራተተ ክር ይለቃል። መልቀቅ የሚችል መዘውር ነው። የዚያን ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ትናንት ለሙከራ ወርዶ ተመለሰ። መዘውሩን እያመሰገነ ሊታጠብ እጅጌውን ሲሰበስብ የግራ አንጓውን አየሁት። ሁለት ቀይ መስመር፣ ጎን ለጎን። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ መዘውሩ ዓሣውን ቢይዝም እጅ ካልሰማው አይሆንም፣ አባዬም በነጩ መዘውር ሲያጠምድ እንኳ እንዲህ ያደርግ ነበር ብሎ ሳቀ።

ቁጭ አልኩ። ለካ የእኔ መዘውር ባይሰበርም ትጠመጥመው ኖሯል። ስድስት ዓመት የተሸከምኩት ሸክም ትንሽ ቀለለልኝ፤ ወዲያው ደግሞ የባሰው መጣብኝ። መዘውር ሲመርጡ ሊሳሳቱ፣ በኋላም ሊያስተካክሉ ይችላሉ፤ ይህን አንተ ያስለመድከውን ግን ከየትኛው ሱቅ ልቀይረው? ለመንኩት፣ በመስቀል አስማልኩት። እሺ እሺ አለኝ፣ አንተ እጅሽ ይባረክ ስትለኝ በነበረው ድምፅ።

ቅዳሜ ከቋጥኙ ሥር ሊጥለው ነው፣ የእንጨቱን ዓሣ። እኔም አብሬው እወርዳለሁ። ከአንተ ወዲህ ዓባይን አይቼው አላውቅም። ግን ከግራ እጁ አንድ ክንድ አልርቅም። እማዬ በቅዳሴ ታስብሃለች፣ ይበልጣል በዘንጉ ያስብሃል። እኔ ደግሞ የተወጠረ ክር እንደማይፈታ አስታውስልሃለሁ፤ ይህን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳም። ቢቆረጥ ግን ይቆረጣል። ያ ክር ሲወጠር ዓሣውም ይሂድ፣ የእጅህ ሥራም ይሂድ፤ አትቀየመኝ።

ትልቁን የጨርቅ መቀሴን ዛሬ ጠዋት አስሞርጄዋለሁ።

ልጅህ ይታይሽ