አባቴ የጻፋቸው ስሞች

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ አምበር

ንዴቴ አልበረደም። ዛሬ በመሬት ድልድሉ ስብሰባ ላይ ለአባቴ አራት ጥማድ ብቻ ተዉለትና የቀረውን ወሰዱበት። ጥፋቱ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ መሆኑ ነው። ያኔ ከእሱ በቀር መጻፍ የሚችል ሰው አልነበረም። አሁን «ቢሮክራት» አሉት።

ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ተነሱ። «ልጄን ለጦርነቱ የጻፈብኝ እሱ ነው፤ ይኸው እንደወጣ ቀረ» አሉ።

እውነት ነው። ግን በዚያው ቀን ወንድሜን ዓለሙንም በገዛ እጁ ጽፎታል። የሰው ልጅ ልኬ የራሴን አልደብቅም ብሎ። ዓለሙም አልተመለሰም።

ይህን ልናገር ብድግ ስል አባቴ ነጠላዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

«ተይ ልጄ፣ እውነቷን ነው» አለኝ።

ጦርነቱ ካለቀ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ቤት ግን ዛሬም አላለቀም። የፈረዱበትን ሰዎች ጠላኋቸው። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን የአባቴ ዝምታ ነው። ዓለሙን የጻፈ ዕለት እናቴንም እንዲሁ «ተይ» ብሎ ነው ዝም ያሰኛት።

የታችኛው ማሳችን ለእማማ ጥሩነሽ ደረሳቸው። ከስብሰባው ስመለስ አባቴ እዚያው ቆሞ፣ ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ሲያሳያቸው አገኘሁት። እሳቸው እያለቀሱ ይሰሙታል።

ሰላም ሳልላቸው አለፍኩ።